አክስት መከላከል አትችልም

«የለም፣ የለም፣ ሁለተኛ ሰው የለኝም። ብቻዬን ነው የምሠራው። ማን? እህቴ? ኧረ ተወኝ! እሷ እኮ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ስለ ጌም ምን ታውቃለች ብለህ ነው!» አለና ሳቀ ወንድምየው፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ የክፍሉን በር ገርበብ አድርጎ እንደተወው። ሚጡ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። በአንድ እጇ ጫማዋን፣ በሌላው ደግሞ እሱ ትናንት ማታ ጠጥቶበት ቴሌቪዥኑ ስር የተወውን የሻይ ብርጭቆ ይዛለች። ቃሉንም ሳቁንም ሰማች። ቃሉስ ይሁን፤ ያንገበገባት ሳቁ ነው። ስድብ ቢሆን ሰው መልስ ይሰጣል፤ ለእንዲህ ያለ ሳቅ ምን መልስ አለው? «ቀልዴን ነው» ይል ይሆናል ብላ ትንሽ ጠበቀች። አላለም። «እሺ፣ ቅዳሜ እንገናኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ሚጡ፣ ሚጡ የተባለችው ገና ስትድህ ነው። አሁን ሠላሳ ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት፣ የሰው ፀጉር እየሠራች፣ የቤት ኪራይ ከወንድሟ እኩል እያዋጣች፣ ዛሬም ሚጡ ናት። እሱን ግን «ወንድም ጋሼ» ነው የምትለው፤ ታላቋ ስለሆነ እናታቸው እንዲያ አስለምዳታለች። ውጭ ያለው ሰው ደግሞ «መምህሩ» ይለዋል። በቻናሉ ላይ አንድ የድብድብ ጌም ከአንደኛው እስከ አራተኛው ክፍል እያነጻጸረ፣ የትኛው ተፋላሚ በየትኛው ክፍል እንደሚያዋጣ፣ ምኑ እንደተጨመረለትና ምኑ እንደተቀነሰበት ስለሚያስረዳ ነው። ተከታዩ ብዙ ነው። ቅዳሜ በትልቁ አዳራሽ ውድድር አለ፤ አዘጋጁ ጨዋታውን በማይክ የሚተነትንለት ሰው ፈልጎ እሱን መርጧል። በተንታኞቹ ጠረጴዛ ላይ ወንበሩ ሁለት ነው። «ሁለተኛዋ ወንበር የአንቺ ናት» ያላት ራሱ ነው፤ ያውም እሷ የሠራችውን ሩዝ አፉ ሙሉ ጎርሶ። እሷም ቃሉን ይዛ ለቅዳሜ ፈቃድ ጠይቃለች፣ የምትለብሰውን አውጥታ ሰቅላለች፣ ሰው በሌለበት መስታወት ፊት ቆማ ማበጠሪያ እንደ ማይክ ጨብጣ ተለማምዳለች።

እንዲያው በእውነት እንነጋገርና፣ መምህሩ የሚያስተምረውን ከማን ተማረው? ሚጡ ማታ ከሥራ ገብታ፣ እግሯን ሶፋው ላይ ሰቅላ፣ ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አድርጋ የምትለፈልፈውን ነዋ! እሱ በመሃል «ቆይ፣ ቆይ፣ እሱን ድገሚው» ይላታል፤ ትደግምለታለች። በማግሥቱ ካሜራ ፊት ቁጭ ብሎ «እኔ ባደረግሁት ጥናት» ይላል። ጥናት! የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፤ እሱ ግን ይኸው ደምቆበት ሁለት ዓመት አለፈው። ሚጡም ብትሆን እስከዛሬ ብዙም አልከፋትም፤ ወንድሟ ነዋ፣ ቤታቸው ነዋ። ወንበሩ ሲመጣ ሁሉም ይስተካከላል ብላ ነበር።

ልጆች ሳሉ የተፋላሚዎቹ ስም በማያነቡት ፊደል ስለተጻፈ ስም ያወጡላቸው ራሳቸው ናቸው። ጥቁር ቀበቶ ታጥቆ ሳያቋርጥ የሚራገጠው ቀጭን ልጅ «ቀበቶ» ተባለ። ሰው ጨብጦ መሬት ላይ የሚደፋው ግዙፍ ሰውዬ «ግድግዳ»። ነጭ ሱፍ ለብሶ ፀጉሩን እያስተካከለ የሚደባደበው «ሙሽራው»። አንዲት ደልደል ያለች ሴትዮም አለች፤ ፀጉሯን ከኋላ ጠቅልላ፣ ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ለድብድብ ሳይሆን «ይሄ ልጅ የት ነው ያመሸው?» ልትል የመጣች የምትመስል። እሷን «አክስት» አሏት። ታላቅ ቀድሞ ይመርጣልና ወንድም ጋሼ ሁልጊዜ ቀበቶን ያነሳል፤ ለሚጡ ደግሞ «ሴት ለሴት» ብሎ አክስትን ይተውላታል። እጇ አጭር፣ እርምጃዋ የዘገየ፣ ፈላጊ ያጣች ሴትዮ! ሚጡም የምትጫወተው እሱ ተጋጣሚ ሲያጣ ብቻ ነው፤ ብቻዋን የጌም ማሽኑን መክፈት አይፈቀድላትም፣ ሰፈር ያለው ጌም ቤትማ ለሴት ልጅ ቦታው አይደለም ተብሏል። ቢሆንም የተተወላትን ይዛ ወደደቻት።

ለዚህ ነው ስለ አክስት ስታወራ አፍ የምታስከፍተው። በአንደኛው ክፍል አክስት ዘገምተኛ ናት፤ ግን ጠጋ ብላ ክርኗን አንዴ ካሳረፈች የሰውየውን ግማሽ ነፍስ ይዛ ትሄዳለች። መከላከል የፈለገ ሰውም ወደ ኋላ መሳብ ብቻ ይበቃዋል። በሁለተኛው ክፍል ሠሪዎቹ ለመከላከያ የራሱን ቁልፍ ሰጡት፤ በቀኝ ትከሻ በኩል፣ በአመልካች ጣት የሚጫኑት። ቀበቶም ግድግዳም ሙሽራውም በዚያች ቁልፍ ይከላከላሉ። አክስት ግን ወይ ፍንክች! ሚጡ ስንቴ ተጭናታለች፤ አክስት እጇን አውርዳ ዱላዋን ትቀበላለች። በምትኩ ወደ ጎን ሸርተት ማለት ተጨምሮላታል። «ጋሻዋን ነጥቀው እግር ሰጧት» ትላለች ሚጡ፤ እናም በሁለተኛው ክፍል አክስትን የመረጠ ሰው ቡጢው ከመነሳቱ በፊት የሰውየውን ትከሻ ማየት መልመድ አለበት። በሦስተኛው መከላከል እንደ ድሮው ወደ ኋላ መሳብ ሆነ፤ ለአክስትም የተሰነዘረን እጅ ጨብጦ መመለስ ተጨመረላት። ያኔ ዓለም ሁሉ ተሻምቶ አክስትን መረጠ። ሚጡ ማንም ሳያስተምራት በመጀመሪያው ቀን እጅ መጨበጥ ቻለች፤ ትከሻ ማየት ቀድማ ለምዳለቻ። አራተኛው ክፍልን ባታነሱባት ይሻላል። ወገቧን አቅጥነው፣ ዕድሜዋን ቀንሰው፣ መጨበጡን ወስደው ከጣቷ እሳት እንድትረጭ አደረጓት። «ቆይ፣ አክስት እሳት ምን ያደርግላታል? ዓይኗ አይበቃም?» ብላ ሚጡ አንድ ሙሉ ምሽት ተቆጥታለች። መምህሩ ያንን ቁጣ ሳይቀር ቀርጾ «እኔ በጣም ነው ያዘንኩት» ብሎ አቅርቦታል።

ወደ ጠዋቱ እንመለስ። እናታቸው ሳሎን፣ መስኮቱ ስር ካለው ወንበሯ ላይ ሆና የትራስ ልብስ ትጥፍ ነበር። ቤቱ ጠባብ ነው፤ አንዱ ክፍል ውስጥ ለሚያስነጥስ ሰው ከሌላው ክፍል ይማርህ ይባላል። ስለዚህ እናትየውም ሰምታለች። ሚጡ እናቷን አየቻት፤ እናቷ መርፌዋን አየች። እናትየው «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚሉትን ተረት አጥብቃ ይዛ የኖረች ሴት ናት፤ ባሏ በሕይወት ሳለም ቁጣውን በዚሁ ተረት አሳልፋለች። ሚጡ ብርጭቆውን አጥባ ደፋች፣ ጫማዋን አሰረች። ወንድም ጋሼ ሸሚዝ አንጠልጥሎ ወጣ።

«ሚጡዬ፣ እስቲ ይቺን ተኩሰሽልኝ ውጪ፤ ዛሬ እቀረጻለሁ።»

«ረፍዶብኛል።» ከዚያም ዓይኗን ዓይኑ ላይ ተክላ «ቅዳሜ እንዴት ሆነ?» አለችው።

«እያየን ነው። አዘጋጁ ገና አልወሰነም» አለ፣ ሸሚዙን እያራገፈ። ወይ ድፍረት! ቃሉ ከአፉ ከወጣ ገና ሻይ እንኳ አልፈላም። እናትየው የመርፌዋን ክር በጥርሷ በጠሰች። ሚጡ በሩን ከተለመደው ጠንከር አድርጋ ዘግታ ወጣች።

ፀጉር ቤቱ ከታክሲ መውረጃው ጀርባ ያለ፣ ሁለት መስታወትና ሦስት ወንበር የያዘ፣ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሲሠራ ሰው የሚጯጯህበት ጠባብ ክፍል ነው። ባለቤቷን «እትዬ መቀስ» ይሏታል፤ ከእጇ መቀስ ይልቅ ምላሷ ስለሚቆርጥ። እትዬ መቀስ ከጠዋት ጀምራ ስለ ዋጋ ነው የምታወራው። መብራት ጨመረ፣ ሻምፖ ጨመረ፣ የፀጉር ቅባቱማ በመጣ ቁጥር ጠርሙሱ እያነሰ ዋጋው ይተልቃል፣ ደንበኛው ደግሞ «እትዬ፣ እንደ ድሮው አድርጊልኝ» ይላል። «እኔ ራሴ እንደ ድሮው ሆኜ ነው?» ትላለች። ሌላ ቀን ቢሆን ሚጡ ትስቅ ነበር። ዛሬ ማበጠሪያው እጇ ላይ ይከብዳታል፤ ያ ሳቅ ከጆሮዋ አልወጣም። አንዷን ደንበኛ አጥባ፣ አንዷን ካስክ ስር አስገብታ፣ ሦስተኛዋን እየጎነጎነች «እሷ እኮ ፀጉር ሠሪ ናት» የምትለዋን ቃል በሆዷ ታመላልሳለች። ፀጉር ሠሪ ናት፤ አዎ ናት። ታዲያ እሱ ምንድን ነው? መቼ ነው ፀጉር መሥራት ስድብ የሆነው? ባለፈው ወር የካሜራውን መብራት የገዛለት የማን እጅ ነው?

ምሳ ሰዓት ገደማ አንዲት የባንክ ገንዘብ ተቀባይ ገብታ ሚጡ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስልኳን ትነካካለች፣ ትስቃለች። «ባሌ ነው» አለች በመስታወቱ ውስጥ ሚጡን እያየች፣ «መምህሩ የሚሉት ሰውዬ አለ፤ ባሌ ለእሱ የሚሰጠውን ጆሮ ለእኔ አንድ ቀን ሰጥቶኝ አያውቅም። ዛሬ ግን መምህሩን አላገጡበት። ማታ በለቀቀው ላይ አክስት የሚሏት ሴትዮ በሁለተኛው ክፍል መከላከል አትችልም ብሎ። ሰው ሁሉ ‹የቀኝ ትከሻዋን ቁልፍ ተጫን እንጂ፣ ጌታው!› እያለው ነው። ‹መምህሩ ትምህርት ቤት ይመለስ› ያለም አለ።»

ሚጡ እጇ ቀጥ አለ። «አትችልም!» አለች፣ ሳታስበው ድምጿ ከፍ ብሎ። «ጣቴ እስኪያብጥ ተጭኛታለሁ። አትከላከልም!»

ገንዘብ ተቀባይዋ ዞራ አየቻት። እትዬ መቀስ ካስኩን አጠፋች። የመምህሩ እህት መሆኗን ያን ጊዜ ነው ያወጣችው፤ እትዬ መቀስን እንኳ ለቅዳሜ ፈቃድ የጠየቀቻት «ጉዳይ አለብኝ» ብላ ነበር። ገንዘብ ተቀባይዋ ደግሞ «እንዴ! እንግዲያው ይቺ አንቺ ነሻ» ብላ ስልኩን አቀበለቻት። መምህሩ ሌላ ለቆ ነበር፤ ማስተባበያ ነው። ያልተተኮሰች ሰማያዊ ሸሚዙን ለብሶ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «ወገኖች፣ ስህተቱ የእኔ አይደለም» ይላል። «ቤት ውስጥ አንዳንድ ነገር የምታግዘኝ እህት አለችኝ። ይሄን የነገረችኝ እሷ ናት። እኔም አምኜ ተቀበልኳት። ያው ፀጉር ሠሪ ናት እንግዲህ፤ አትፍረዱባት። ሁለተኛ አይለመደኝም፣ ከአሁን በኋላ ሁሉንም ራሴ አጣራለሁ።» ከዚያም ፈገግ አለ። ያችኑ የጠዋቷን ሳቅ ሊስቅ ሲል ቪዲዮው አለቀ።

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!» አለች እትዬ መቀስ፣ ፎጣውን ጠረጴዛው ላይ እየወረወረች። «በይ ንገሪኝ አንቺ ልጅ፤ ስህተቱ የአንቺ ከሆነ ሌላውስ የማን ነው?» ገንዘብ ተቀባይዋም ነቃ ብላ «ስለ ሦስተኛው የተናገረውስ? ትከሻ እያዩ እጅ መጨበጥ ያለውን ባሌ ለጓደኞቹ ሁሉ ነው የላከው። እሱም የአንቺ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሚጡ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሟ አልተነሳም፤ «እህቴ» የምትል ቃል በቻናሉ ላይ ከአፉ አልወጣችም። የተነሳችው ዛሬ ነው፣ ለስህተቱ! ግን ከንዴቷ ስር ሌላ ነገር ይቆረቁራት ነበር፤ ይህንንም ለማንም ለመንገር ታፍራለች። የምትወደውን ነገር አሳስታ ተናግራ እንደሆነስ? ያ ሁሉ ሰው አክስት ትከላከላለች ካለ፣ እሷ በልጅነቷ ያንን ሁሉ ዱላ ስትቀበል ምን ስታይ ነበር? የገንዘብ ተቀባይዋን ጉንጉን ጨርሳ «እትዬ፣ ዛሬ ቀደም ብዬ ልውጣ» አለች። «ውጪ!» አለች እትዬ መቀስ፤ «ስትመለሺ ደግሞ እንዲህ ለስላሳ ሆነሽ እንዳትመጪ።»

ቤት ስትደርስ ወንድም ጋሼ አልነበረም። እናትየው ያችው ወንበር ላይ ናት። ሚጡ ሰላም ሳትል የእናቷን ቁም ሳጥን ከፍታ ብርድ ልብሶቹን ወለል ላይ ዘረገፈች። አሮጌው ማሽን ከሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ሁለተኛው ክፍል በውስጡ እንዳለ፣ ሁለቱ ጆይስቲኮች በገመዳቸው ታስረው። አንዱ ጥቁር ነው፣ የወንድም ጋሼ። አንዱ ግራጫ ነው፣ የእሷ፤ ወገቡ ላይ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘችው። በስንት ጊዜው ያ የጌሙ ዘፈን ጀመረ። ሁለቱንም ሰክታ ግራጫውን አነሳች፣ አክስትን መረጠች፣ ማሽኑን ደግሞ ቀበቶን አስያዘችው። ቀበቶ መጣባት። ተጫነች። አክስት እጇን አውርዳ ዱላዋን ተቀበለች። እንደገና ተጫነች፤ እንደገና ተመታች። በአውራ ጣቷ ሞከረች፣ በሁለት ጣት ሞከረች። አክስት ወደቀች።

«ይኸው!» አለች ወደ እናቷ ዞራ፣ እንባ ዓይኗ ላይ አቅርሮ። «አንቺ ምስክሬ ነሽ፣ እማዬ። አትከላከልም! ውሸታም አይደለሁም!»

እናትየው የትራሱን ልብስ አጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጠፈች። «በጥቁሩ ሞክሪው» አለች በመጨረሻ፣ ቀና ሳትል።

«ምን አልሽ?»

«በጥቁሩ፣ በወንድምሽ። የአንቺዋ ላይ እሱ ሻይ ደፍቶባት ነበር፤ በቀኝ በኩል ያለችው ቁልፏ ያኔውኑ ሞተች። አባትሽ እንዳይገርፈው ብዬ በፕላስተር ጠቀለልኳት። እሱ ያበላሸውን እሱ ይያዝ ብዬም ነበር። ሚጡ ስታሸንፈኝ ጓደኞቼ ይስቁብኛል ብሎ አለቀሰብኝ፤ ለአንቺ እንድተውልሽ፣ እንዳልነግርሽ ለመነኝ። እኔም ጨዋታ ነው ብዬ... ዝም አልኩ።»

ሚጡ ጥቁሩን ጆይስቲክ አነሳች። ልጅ ሳለች በእጇ ነክታው አታውቅም፤ «የእኔ ነው፣ አትንኪ» ይባል ነበር። አክስትን መረጠች። ቀበቶ እየተንደረደረ መጣ፣ እግሩን አነሳ፤ ሚጡ በአመልካች ጣቷ ተጫነች። አክስት ሁለት ክንዶቿን ፊቷ ላይ አቆላልፋ አነሳች፤ እጅጌዋ ወደ ክርኗ ሸርተት አለ፣ ቀሚሷ በምቱ ኃይል ወዝወዝ አለ፣ እሷ ግን ካለችበት አልተነቃነቀችም። ሚጡ ይህን አይታ አታውቅም። ያን ሁሉ ዓመት አብራት ኖራ፣ የአክስት እጅጌ ከውስጥ በኩል በቀይ ክር የተጠለፈ መሆኑን እንኳ አታውቅም ነበር። ደጋግማ ተጫነች። ቀበቶ ይመታል፣ አክስት ትመልሳለች፤ ይመታል፣ ትመልሳለች። ሚጡ የምታለቅሰው ለአንዲት የጌም ሴትዮ ነው ብሎ የሚስቅ ካለ ይሳቅ! ጋሻዋን ነጥቀው እግር ሰጧት ብላ ስትፈላሰፍ፣ የነጠቃት እዚሁ ቤት፣ እዚሁ ምንጣፍ ላይ፣ ከጎኗ ተቀምጦ ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ኖራለች፤ ሁለቱም እያዩዋት።

ወንድም ጋሼ የገባው አመሻሹ ላይ ነው፣ ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ። ብርድ ልብሶቹን ወለሉ ላይ ሲያይ ቆመ፤ ቴሌቪዥኑን ሲያይ ደግሞ ፊቱ ፈካ። «ኧረ! ይቺ ግራጫ እስካሁን አለች?» ብሎ አንስቶ አገላበጣት። «ሙት እኮ ናት!»

«ታውቅ ነበር» አለች ሚጡ።

«ልጅ ነበርኩ እኮ! ያለዚያማ በየቀኑ ልታሸንፊኝ ነው?» ሳቀ። ያው ሳቅ ነው። ከዚያ የሆነ ነገር ትዝ እንዳለው ሁሉ ሳቁ ቀነስ አለ፤ ሁለተኛውን ክፍል፣ ቁልፏን፣ ማታ የለቀቀውን እያገናኘ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላሰበበትም፤ ያለችውን ይደግማል እንጂ መቼ አስቦ ያውቃል! «በይ ተይው አሁን፣ ያለፈ ነገር ነው። ማስተባበያውን አይተሽ ከሆነ ያው ሰው እንዲረጋጋ ብዬ ነው። አዘጋጁ ትንሽ ጥርጣሬ ገብቶታል፤ ዛሬ ደውሎ ስለ አራተኛው ክፍል ሊጠይቀኝ ነው። አክስት ለምን እንደተበላሸች እስቲ አንድ ጊዜ በደንብ ንገሪኝ፤ ያቺን የእሳቱን ነገር።»

ሚጡ ጥቁሩን ጆይስቲክ አጥብቃ እንደያዘች ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀችለት። «ቁጭ በልና አንድ ዙር እንጫወት። ካሸነፍከኝ ሁሉንም እነግርሃለሁ። ያቺን ያዝ፣ የያዝካትን።» እሱም ነገሩን እንደ ዕርቅ ቆጥሮት ተቀመጠ። ቀበቶን መረጠ። እሷ አክስትን። አክስት ጠጋ አለች፣ ክርኗን ሰነዘረች። እሱ ተጫነ። ቀበቶ እጁን አውርዶ ተቀበለ። አክስት ደገመች። እሱ እየተሳደበ ቁልፏን ደበደባት፣ ጆይስቲኳን ነቀነቃት፣ ፕላስተሯን በጥፍሩ ፈለፈላት። ቀበቶ ወደቀ። ሁለተኛው ዙር ገና ሳይጋመስ ጆይስቲኳን ምንጣፉ ላይ ወረወራት።

«በዚህ እንዴት ይጫወታል? ቁልፏ እኮ አይሠራም! ይሄ ጨዋታ ነው?»

«እሷስ እንዴት ተጫወተችበት?»

ሁለቱም ዞሩ። የተናገረችው እናትየው ናት። ቆማ ነበር፤ የትራሱ ልብስ ከእጇ ወድቋል። «ልጅነቷን ሙሉ በዚህ ነው የተጫወተችው፤ አንድ ቀን እንኳ አልወረወረችውም። እንዴት ተጫወተችበት? ለእኔም ንገረኝ፤ እኔም ዝም ብዬ ሳይ ነው የኖርኩት» አለች። ቴሌቪዥኑ ላይ አክስትና ቀበቶ እንደቆሙ ቀሩ፣ ዘፈኑም መጫወቱን ቀጠለ። እናትየው ወደ ሚጡ ልትመጣ አንድ እርምጃ ተራምዳ ቆመች። ሚጡም አልተነሳችላትም፤ ይቅር ለማለት ገና ነው፣ ቁስሉ ዛሬ ነው የተገለጠው።

የወንድም ጋሼ ስልክ ጠራ፣ በእሱና በሚጡ መሃል ምንጣፉ ላይ። አዘጋጁ ነው። ወንድም ጋሼ እጁን ዘረጋ፤ ሚጡ ቀደመችው፤ ትከሻውን እያየች ነበር።

«አቤት» አለች። «አዎ፣ ስልኩ የእሱ ነው። እኔ እህቱ ነኝ፣ ፀጉር ሠሪዋ። በማስተባበያው ላይ የተባለው እውነት ነው፤ ስለ ሁለተኛው ክፍል የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ስለ አንደኛው፣ ስለ ሦስተኛውና ስለ አራተኛው ያልተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ለምን እንደተሳሳትኩ በስልክ አይነገርም። ሁለተኛዋ ወንበር ባዶ ከሆነች ግን ቅዳሜ አንዲት ግራጫ ጆይስቲክ ይዤ መጥቼ፣ በማይክ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ እናገራለሁ።»

ወንድም ጋሼ «ሚጡ፣ ሚጡዬ፣ ስጪኝ እስቲ» እያለ በሹክሹክታ ይለምናል። እሷ ጀርባዋን ሰጠችው። አዘጋጁ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እንግዲያው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይድረሱ» አላት፤ «ይቅርታ፣ ወንበሩ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ስምዎን ማን ብዬ ላጽፍ?»

ሚጡ አላለችም። ስሟን ከነአባቷ ስም፣ እንዳይሳሳትባት ቀስ አድርጋ፣ ፊደል በፊደል ነገረችው።